አባቴ ከሃርት አታክ በኋላ አይረን ይብዛለት ወይስ ይቀነስለት?

ታናሿ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ለሁለት ተከፍሏልና እባካችሁ ገላግሉን። አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ሃርት አታክ አጋጥሞት ስቴንት (የጠበበውን የልብ ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ገብቶለታል። አሁን ለደም ማቅጠኛ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል፣ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን፣ ለልብ ምቱ ሜቶፕሮሎል እና ለጨጓራው ኦሜፕራዞል ይወስዳል። ደረቱን አያመውም፣ ድካሙ ግን ለጉድ ነው። ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ይቆማል፣ ፊቱ ገርጥቷል፣ ቀን ተኝቶ ሲነሳ እንኳ ያልተኛ ሰው ነው የሚመስለው።

አክስቴ "ደሙ አልቋል እኮ" ብላ በየቀኑ ጉበት ካልበላ ትላለች። የአይረን ኪኒንም ከፋርማሲ ገዝታ አምጥታለች። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የሆነ ቪዲዮ አይቶ "አይረን የልብ ጠላት ነው፣ ደም ስር ያዝጋል" ይላል፤ እሱ ሥጋውን ብቻ ቢከለክል ደግ፣ ምስሩንና ቆስጣውንም ከልክሎታል። አባዬ ከሁለቱ መሀል ሆኖ የሚበላው ጠፍቶት ዳቦ በሻይ እየበላ ይውላል። ሐኪሙን ስጠይቀው "የተመጣጠነ ምግብ ይብላ" አለኝና ቀጣዩን ታካሚ ጠራ።

ማን ነው ልክ? ጥናት አለው ነገሩ ወይስ ዝም ብሎ ወሬ ነው? የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ አትለፉኝ።

የማታ ተረኛ፦
ታናሿ፣ እግዜር ይማርልሽ። የልብ ክፍል ነርስ ነኝ፣ ይህን ክርክር በየሳምንቱ ነው የምሰማው። አክስትሽም ወንድምሽም የዘለሉት አንድ ነገር አለ፦ አልለኩም። የአባትሽ አይረን ዝቅ ይበል ከፍ ይበል የሚያውቅ ሰው በሌለበት አንዱ ይጨምር ሌላው ይቀንስ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሦስት ነገር በደም ይታይለት። ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል)፣ ፌሪቲን (የተከማቸውን አይረን የሚያሳይ) እና ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን (ደም ውስጥ ያለው አይረን ተሸካሚ ምን ያህል እንደተሞላ የሚያሳይ)። ሦስቱንም በስማቸው ጠይቂ፣ "ደም ይታይልኝ" ብቻ ካልሽ ሄሞግሎቢኑን ብቻ ሰጥተው ሊሸኙሽ ይችላሉ።

ድካሙን በተመለከተ፣ ከሃርት አታክ በኋላ ድካም ምክንያቱ ብዙ ነው። ሜቶፕሮሎል ራሱ የልብ ምትን ስለሚያዘገይ ሰውነትን ያላላል። የልብ ጡንቻው ተጎድቶ ደም የመርጨት አቅሙ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፣ ይህ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ይታያል። ድብርትም አለ፣ ከሃርት አታክ የተረፈ ሰው ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ ወንዶቹ ግን "ደክሞኛል" እንጂ "ከፍቶኛል" አይሉም። እና አዎ፣ የደም ማነስም አለ። መገርጣቱንና ደረጃው ላይ መቆሙን ስሰማ እኔም ወደዚያ ነው ያዘነበልኩት።

የሚያሳስበኝ ግን የአይረኑ ምግብ አይደለም። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አንድ ላይ ሲወሰዱ ጨጓራና አንጀት ውስጥ ትንሽ በትንሽ የሚደማ ነገር ካለ አይቆምም። ሰውየው ሳያውቀው ለወራት ይደማል። ስለዚህ አባትሽን ደፍረሽ ስለ ሰገራው ጠይቂው። ካፈረብሽ ወንድምሽ ይጠይቀው። ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ሽታው የተለየ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

የአክስትሽን ኪኒን እስከዚያው አታስጀምሩት። አንደኛ አይረን ኪኒን ራሱ ሰገራን ያጠቁራል፣ ያን ጊዜ መድማቱን ከኪኒኑ መለየት ይከብዳል። ሁለተኛ ምርመራው ሳይሠራ ከተጀመረ ውጤቱን ያዛባዋል። ደግሞ በዚህ ሁሉ ወሬ ተደናግጣችሁ ደም ማቅጠኛዎቹን እንዳታቋርጡ። ስቴንት በገባ በወራት ውስጥ ክሎፒዶግሬል በራስ ማቆም ስቴንቱ ውስጥ ደም እንዲረጋ መጋበዝ ነው።

ጥያቄ አያልቅብኝም፦
ወንድምሽ ያየው ቪዲዮ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም፣ ግን ታሪኩን ግማሽ ላይ ነው የተወው። ልቀጥልለት።

በ1981 ጀሮም ሱሊቫን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አወጣ። ሴቶች ከማረጣቸው በፊት ከወንዶች ያነሰ የልብ ሕመም የሚይዛቸው ለምንድን ነው? ሁሉም ሰው ሆርሞን ሲል እሱ ግን "በየወሩ ደም ስለሚፈሳቸው ሰውነታቸው ውስጥ የተከማቸው አይረን ትንሽ ነው፣ ምናልባት የጠበቃቸው እሱ ነው" አለ። ያኔ ብዙ ሰው ከምር አልወሰደውም። በ1992 ከምሥራቅ ፊንላንድ የመጣ ጥናት ግን ነገሩን አጋጋለው። 1,931 ወንዶችን ተከታትለው ፌሪቲናቸው 200 ማይክሮግራም በሊትርና ከዚያ በላይ የሆኑት ሃርት አታክ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ 2.2 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የቪዲዮው ሁሉ እናት ይህች ጥናት ናት ማለት ይቻላል። የሚሉት አሠራርም አለ፦ ነፃ የሆነ አይረን ኦክስጅንን ወደ ጎጂ ቅንጣት ይቀይራል፣ እሱ ደግሞ ኮሌስትሮሉን አቃጥሎ የደም ስር ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ያግዘዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን አንዱ ደገፈ፣ ሌላው ምንም አላገኘም። ሰውን እየተከታተሉ ማየትና ሰው ላይ መሞከር ደግሞ ይለያያል። ፌሪቲን በብግነት (ሰውነት ሲቆጣ) ጊዜ ራሱ ይጨምራልና፣ የታመመ የደም ስር ነው ፌሪቲኑን ከፍ ያደረገው ወይስ ከፍ ያለው ፌሪቲን ነው ደም ስሩን ያሳመመው? ዶሮዋ ወይስ እንቁላሏ።

ስለዚህ ሞከሩት። የእግር ደም ስር ጥበት ያለባቸው 1,277 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በየ6 ወሩ ደም እየተቀዳላቸው አይረናቸው እንዲወርድ ተደረገ። ውጤቱ በ2007 ጃማ የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። በአጠቃላይ ሲታይ በሞትም ሆነ በሃርት አታክና በስትሮክ ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። በዕድሜ ለጋ የሆኑት ላይ የተሻለ ነገር የታየ ይመስላል ተብሏል፣ ግን እንደዚያ ከውስጥ ተቆርጦ የሚወጣ ውጤት ላይ ሕክምና አይመሠረትም።

ስለዚህ "አይረን ደም ስር ያዝጋል" ብሎ ምስር መከልከል ከማስረጃው ብዙ ርቆ መሄድ ነው።

ቀጥተኛው፦
እሺ፣ ግን ሥጋ ሲበዛ ልብ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ያ ታዲያ በምን ምክንያት ነው? ወንድሟን ዝም ብላችሁ አታጣጥሉት።

ጥያቄ አያልቅብኝም፦
አላጣጣልኩትም። የሥጋው አይረን ከአትክልቱ ይለያል፣ እሱ ላይ ነጥብ አለው። ምግቡን ለባለሙያ ልተወው፣ ማዕድ ካለች ትመልስልን።

ማዕድ፦
አለሁ። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ።

ምግብ ውስጥ ያለው አይረን ሁለት ዓይነት ነው። ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ ውስጥ ካለው ከፊሉ ሄም ይባላል። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ቆስጣ፣ እህልና እንቁላል ውስጥ ያለው ሄም ያልሆነው ነው። ሄም አይረንን አንጀት በቀላሉ ነው የሚያስገባው፣ ከ15 እስከ 35 በመቶው ይገባል፣ ሰውነት ቢጠግብም በሩን እምብዛም አይዘጋበትም። ሌላው ግን ቁጥጥር አለበት። ጉበታችን ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፣ ክምችቱ ሲሞላ ሄፕሲዲን ይጨምርና አንጀት አይረኑን ይመልሳል። በሌላ አነጋገር ምስር በልቶ ጤነኛ ሰው በአይረን መመረዝ አይችልም። ወንድምሽ ይህችን ያንብብ።

ቀጥተኛው ለጠየቀው፦ ብዙ ሄም አይረን የሚበሉ ሰዎች ላይ የልብ ሕመም በዛ ብሎ የታየባቸው ጥናቶች አሉ፣ ከአትክልት በሚመጣው አይረን ላይ ግን ያ አልታየም። ይሁን እንጂ ሄም ብቻውን አይበላም። ከቀይ ሥጋ ጋር ጮማው አለ፣ የተቀነባበረ ሥጋ ከሆነ ጨዉ አለ፣ ብዙ ሥጋ የሚበላ ሰው ሰሃኑ ላይ የጎደለው አትክልትም አለ። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ስንት እንዳጠፋ ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው። ሃርት አታክ ላለፈው ሰው ግን በተግባር አንድ ቦታ ላይ ነው የምንደርሰው። ቀይ ሥጋ ጮማው ተነስቶለት፣ በመጠኑ፣ አልፎ አልፎ። ቋሊማና የመሳሰለው ቢቀር ይሻላል። ዓሣና ጥራጥሬ ይብዛ።

አሁን ወደ አክስት። ጉበት አይረን አለው፣ አልክድም፣ 100 ግራም የበሰለ የበሬ ጉበት ከ6 ሚሊግራም በላይ ይሰጣል። የአንድ ትልቅ ወንድ የቀን ፍላጎት 8 ሚሊግራም ነው። ግን ያው 100 ግራም ጉበት ቫይታሚን ኤው ለአንድ ቀን ከተቀመጠው ጣሪያ፣ ከ3 ሺህ ማይክሮግራም፣ በብዙ ያልፋል። በየቀኑ ሲበላ ቫይታሚን ኤው እዚያው ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ኮሌስትሮሉም ትንሽ አይደለም። አባትሽ አቶርቫስታቲን የሚውጠው ኤልዲኤሉን (ጎጂውን ኮሌስትሮል) ለማውረድ ነው፣ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ሃርት አታክ ላለፈው ሰው ከ55 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ይሁን ይላል። ስለዚህ ጉበት አንዳንዴ ቢቀምስ ሰማይ አይደፋም፣ በየቀኑ የሚለው ግን ይቅር።

ምስሩን መልሱለት። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ወደ 6.5 ሚሊግራም አይረን አለው። በእርግጥ ሁሉም አይገባም፣ ጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ይይዘዋል። ለዚህ መላ አለው፦ ከማብሰል በፊት መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት፣ ከዚያ ሲበላ ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር አብሮ መጨመር። ሎሚ ጨምቁበት፣ ቲማቲም ይግባበት፣ ቃሪያ ይኑር፣ ብርቱካን ይከተል። ግሬፕፍሩትን ግን ተውት፣ ከአቶርቫስታቲን ጋር አይስማማም። ቆስጣን ብዙ ሰው የአይረን ንጉሥ ያደርገዋል፣ ኦክሳሌትና ሌሎች የሚይዙት ነገሮች ስላሉበት የሚገባው ትንሽ ነው፣ ለሌላው ጥቅሙ ይብላው። ቀይ ስር ቀለሙ ደም ስለሚመስል ደም ይሠራል ይባላል፣ አይረኑ ግን ኢምንት ነው።

አሁን ዋናው። ዳቦ በሻይ እየበላ ይውላል ያልሽው ነው ያስደነገጠኝ! ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከዚያ ምግብ የሚገባውን አይረን ወደ 60 በመቶ ይቀንሰዋል። ቡናም ወደ 40 በመቶ። የቆየ ግን ግሩም ሙከራ አለ፣ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም፣ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን አብሮ የተጠጣ ያህል ቀነሰ። ስለዚህ ሻይውን አትከልክሉት፣ ሰዓቱን አዙሩለት። ምግቡን ከበላ ሁለት ሰዓት ይለፈው ወይ ቀድሞ ይጠጣ።

ባለስቴንቱ፦
እኔ በዚህ መንገድ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ሁለት ስቴንት አለኝ። እኔም ድካሙ ገድሎኝ ነበር፣ ሁሉም ሰው "ልብህ ነው፣ ታገሥ" ይለኛል። መድኃኒቱ ነው አሉ፣ ዕድሜ ነው አሉ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም የዓይኔን ሽፋን ገልበጥ አድርጋ አየችና ውስጡ ነጭ መሆኑን አይታ ደም አዘዘች። ሄሞግሎቢኔ 9 ነበር። ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ማየት) ሲሠራልኝ ጨጓራዬ ላይ ቁስለት ተገኘ፣ ቁስለቱን የሚያመጣው ባክቴሪያም ነበረብኝ። ባክቴሪያው ታከመ፣ አስፕሪኔም አልተቋረጠም፣ የጨጓራ መከላከያ ተጨመረልኝ።

ምግብን በተመለከተ የተነገረኝን ሒሳብ ልንገራችሁ፣ ለእኔ ሁሉን ያበራልኝ እሱ ነው። አንድ ሚሊሊትር ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊግራም ገደማ አይረን አለ። በቀን ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ 10 ሚሊሊትር ብትደማ፣ ሰገራህ ላይ ምንም ላታይ ትችላለህ፣ ግን 5 ሚሊግራም አይረን ሄዷል። ጤነኛ ሰው በቀን ከምግቡ ሁሉ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ እየደማህ ጉበት ብትበላ፣ ምስር ብትበላ፣ አትደርስበትም። ቀዳዳ በርሜል መሙላት ነው።

ኪኒኑ ደግሞ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ በቀን ሦስት ጊዜ ብዬ ጀመርኩና ሆዴ ደረቀ፣ ማማጥ መጣ። ሃርት አታክ ለነበረው ሰው ማማጥ ጥሩ አይደለም። ሐኪሟ "ማነው በቀን ሦስት ያለህ" ብላ ተቆጥታ በየሁለት ቀኑ አንድ አደረገችው። የሚገርመው ሄሞግሎቢኔ አልቀረም፣ ቀስ እያለ ወጣ።

የማታ ተረኛ፦
የሐኪምህ አካሄድ መሠረት አለው። አንድ ኪኒን ሲዋጥ ማዕድ ያለችው ሄፕሲዲን ይጨምርና ለ24 ሰዓት ያህል ከፍ እንዳለ ይቆያል። በዚያ መሀል የተዋጠው ሁለተኛና ሦስተኛ ኪኒን አብዛኛው አንጀት ውስጥ ቀርቶ ድርቀት ነው ትርፉ። 325 ሚሊግራም ተብሎ የሚሸጠው ፌረስ ሰልፌት ውስጥ ንጹሑ አይረን 65 ሚሊግራም ነው፣ ለብዙ ሰው አንዷ ትበቃለች።

የከርሞ ጥጃ፦
ይቅርታ በጥያቄው መሀል ገባሁ፣ የእኔ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሃርት አታክ ካጋጠመኝ በሦስተኛው ሳምንት ፌሪቲኔ 480 መጣ። ከላይ ያለውን 200 የሚለውን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። ደም ልለግስ? ሥጋ ጨርሼ ልተው?

ጥያቄ አያልቅብኝም፦
ወንድሜ፣ ተረጋጋ። ሃርት አታክ ራሱ ትልቅ ብግነት ነው፣ ከእሱ በኋላ ፌሪቲን መጨመሩ የሚጠበቅ ነው። ጉበት ላይ ስብ ካለ፣ አልኮል ከበዛ፣ ስኳር ካለ፣ ኢንፌክሽን ካለም ይጨምራል። ፌሪቲን ብቻውን ከፍ ማለቱ አይረንህ በዝቷል ማለት አይደለም። ትራንስፈሪን ሳቹሬሽንህን እይ። እሱ ከ45 በመቶ በታች ከሆነ ከወራት በኋላ ሰውነትህ ሲረጋጋ ድጋሚ ይታይ። ከዚያ በላይ ከሆነና ከዘመዶችህ መሀል ጉበቱ ወይ ልቡ በአይረን ክምችት የታመመ ካለ ሄሞክሮማቶሲስ የሚባል በዘር የሚወረስ ነገር አለ፣ እሱን በዘረ መል ምርመራ ያዩልሃል። እሱ ካለ አይረኑ በእርግጥ ልብ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ምቱን ያዛባል፣ ልቡንም ያዳክማል፣ ሕክምናውም ደም መቅዳት ነው። ያ ግን በምርመራ የተረጋገጠበት ሰው ነው።

ደም መለገስን ተወው። ልብህ ገና እያገገመ ደም መስጠት እንኳን ሊያድንህ፣ ለጋሽ ሆነህም አይቀበሉህም።

ቀጥተኛው፦
አንድ ነገር ልጨምር። ከሃርት አታክ በኋላ በኤምአርአይ ልብ ውስጥ አይረን ይታያል ሲባል ሰምቻለሁ። እሱስ ከምግብ አይደለም?

ጥያቄ አያልቅብኝም፦
አይደለም። የተዘጋው ደም ስር ሲከፈት የተጎዳው ጡንቻ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል፣ በተለይ ጉዳቱ ትልቅ ከሆነ። የሚታየው አይረን የዚያ የፈሰሰ ደም ቅሪት ነው። ሥጋ በመተው አይወጣም።

ታናሿ፦
ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ወንድሜ ስለ ሰገራው ጠየቀው፣ አባዬ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ "አንዳንዴ ጠቆር ይላል፣ የመድኃኒቱ መስሎኝ ነው" አለ። በዚያኑ ቀን ወሰድነው። ሬንጅ የሚባለው ዓይነት አልነበረም፣ ግን ምርመራው ላይ የተደበቀ ደም አለ ተባለ። ውጤቱ ይኸው፦ ሄሞግሎቢን 10.4፣ ፌሪቲን 19፣ ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን 8 በመቶ። ኢኮው ላይ የልቡ ደም የመርጨት አቅም 38 በመቶ ነው። ኢንዶስኮፒና ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ታዘዘለት። አንዱ ሐኪም በኪኒን እንጀምር አለ፣ ሌላዋ በደም ስር ይሰጠው አለች። ደግሞ ሌላ ክርክር ልገባ ነው። ወንድሜ አሁን "አይረን በደም ስር" ሲባል ሲሰማ ሊያብድ ነው።

የማታ ተረኛ፦
ጎበዝ፣ ወስደሽው ጥሩ አደረግሽ። ቁጥሮቹን ልተርጉምልሽ። ለወንድ ሄሞግሎቢን ከ13 በታች ደም ማነስ ነው። ፌሪቲኑ በብግነት ምክንያት ከፍ ማለት ሲገባው እንኳ 19 ከሆነ ክምችቱ አልቋል፣ ይህ አያከራክርም። አክስትሽ "ደሙ አልቋል" ያለችው ትክክል ነው፣ መድኃኒቱ ግን ጉበት አልነበረም።

ስለ ደም ስር የተባለው ዝም ብሎ አይደለም። የልቡ አቅም 38 ከሆነና ድካም ካለው የልብ ድካም (ልብ ደምን በበቂ መርጨት ሲያቅተው) ውስጥ ነው የሚመደበው። የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች ላይ አይረን በደም ስር መስጠት ብዙ ተፈትኗል። በ2009 የወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ 459 ሰዎች ላይ ነበር፣ የተሰጣቸው ሰዎች ድካማቸው ቀሎ መራመድ ችለዋል። በ2020 የወጣው ደግሞ በልብ ድካም ሆስፒታል ከተኙ በኋላ የተሰጣቸው ሰዎች ተመልሰው የመተኛታቸውን ነገር ቀንሶታል፣ ሞትን ግን ሲቀንስ አልታየም። ኪኒኑ በ2017 በ225 ሰዎች ላይ ሲሞከር ግን አቅማቸው አልተሻሻለም። የልብ ድካም ባለበት ሰው ሄፕሲዲን ከፍ ይላል፣ አንጀትም ያብጣል፣ ኪኒኑ በደንብ አይገባም። ኦሜፕራዞሉም አሲዱን ስለሚቀንስ ይጨምርበታል። ስለዚህ ሐኪሟ ያለችው ለአባትሽ ዓይነት ሰው የሚመከረው ነው። ኪኒን ያለውም ክፉ አላሰበም፣ የልቡን አቅም ሳያይ ተናግሮ ይሆናል። የኢኮውን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ።

ለወንድምሽ ንገሪው፦ ቪዲዮው የሚያወራው ክምችቱ ስለሞላ ሰው ነው፣ አባቱ ባዶ ነው። ልብ ጡንቻ ራሱ ጉልበት ለመሥራት አይረን ይፈልጋል።

በደም ስር ሲሰጠው አልፎ አልፎ አለርጂ ስለሚፈጠር ከተሰጠው በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ተቀምጦ ይታያል። አትቸኩሉ።

ማዕድ፦
ምግቡ አይቀየርም፣ ያልኩት እንዳለ ነው። ምስሩን ስጡት። አይረኑ በደም ስር ቢገባም ክምችቱን ይዞ የሚቆየው በምግቡ ነው። ማንም ሰው ቆስጣ ከደም ማቅጠኛ ጋር አይሄድም ቢላችሁ፣ እሱ ዋርፋሪን የሚባል ሌላ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ነው፣ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ላይ ችግር የለውም።

ባለስቴንቱ፦
አንድ ነገር ብቻ። ለኮሎኖስኮፒ ሲዘጋጅ የቀጠሮው ሰው በስልክ "ደም ማቅጠኛ አቁም" ሊለው ይችላል። እኔንም ብለውኝ ነበር። የልብ ሐኪሙ ሳይፈቅድ እንዳያቆም። ለማየትና ናሙና ለመውሰድ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ማቆም አያስፈልግም። ሁለቱ ሐኪሞች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ አድርጊ፣ አንቺ መሀል ሆነሽ መልእክት አታመላልሺ።

የማታ ተረኛ፦
እውነቱን ነው። ስትነጋገሩ ስለ ኦሜፕራዞሉም ጠይቂ። ክሎፒዶግሬል ጉበት ውስጥ ተቀይሮ ነው የሚሠራው፣ ኦሜፕራዞል ደግሞ ያን ያዳክመዋል ተብሎ ማስጠንቀቂያ አለው። ብዙዎች በምትኩ ፓንቶፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት ይመርጣሉ። ራሳችሁ እንዳትቀይሩት ብቻ፣ ጨጓራው መከላከያ ሳይኖረው አንድ ቀንም እንዳያድር።

ታናሿ፦
ቀጠሮው ማክሰኞ ነው፣ ሁለቱም ሐኪሞች በስልክ ተነጋግረዋል፣ ክሎፒዶግሬሉ ይቀጥላል ተብሏል። አባዬ ዛሬ ምስር በሎሚ በልቷል። ሻይውን ከምሳ በፊት አድርገንበት እያጉረመረመ ነው። አክስቴ ኪኒኑን ፋርማሲው አልመልስም ብሏት ተናዳለች፣ እሱን እናንተም አትፈቱልኝም።